አማ ኡናቫጋም፦ የአንድ ሩፒ ቁርስና ያቋቋሙት ፖለቲከኛ

በሕንድ፣ ቼናይ ከተማ አንድ ኢድሊ (በእንፋሎት የበሰለ የሩዝ ቂጣ) በአንድ ሩፒ የሚሸጥባቸው ምግብ ቤቶች አሉ። የመክፈቻ ሰሞን ቅናሽ እንዳይመስልዎ፤ ቤቶቹ ከተከፈቱበት ከፌብሩዋሪ 2013 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) አንስቶ ዋጋው ከ10 ዓመት በላይ ሳይነካ ቆይቷል። ቤቶቹ አማ ኡናቫጋም ይባላሉ። «አማ» (በታሚል ቋንቋ «እናት») እየተባሉ የሚጠሩት የታሚል ናዱ ግዛት ዋና ሚኒስትር የነበሩት ጄ. ጃያላሊታ ናቸው፤ በግዛቲቱ ምክር ቤት የመጀመሪያዋ ሴት የተቃዋሚ መሪ፣ ሙሉ የሥልጣን ዘመን የጨረሱም የመጀመሪያዋ ሴት ዋና ሚኒስትር። ምግቡን ከሴትዮዋ ለይቶ መገምገም አይቻልም። የቤቱ ጥንካሬም ጉድለቱም ከእሳቸው የአመራር ጠባይ የመጣ ነውና።

ለሕክምና ወይም ለትምህርት ቼናይ ለሚከርም ሰው ይህ ቤት ብዙ ወጪ ያቀልላል። ግን ሰዓቱንና ወጉን ያላወቀ ሰው ባዶ ድስት ይጠብቀዋል።

ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር ቁርስ ከጠዋቱ 1 እስከ 4፣ ምሳ ከቀኑ 6 እስከ 9፣ እራት ከምሽቱ 12 እስከ 3 ነው። ቤቶቹን የሚያስተዳድረው የከተማው ማዘጋጃ ቤት፣ ማለትም የቼናይ ኮርፖሬሽን ነው። መጀመሪያ በጥቂት ሰፈሮች ተከፍተው ብዙም ሳይቆዩ የከተማዋን 200 ወረዳዎች አዳረሱ፤ ከዚያ በኋላ ትልልቅ የመንግሥት ሆስፒታሎች ግቢ ውስጥም ገቡ። ከባቡር የሚወርድ ሰው ከሴንትራል ጣቢያ ፊት ለፊት ባለው የራጂቭ ጋንዲ ሆስፒታል ያገኛቸዋል። ምልክታቸው የጃያላሊታ ፎቶ ያለበት ትልቅ ሰሌዳ ነው። በምርጫ ሰሞን ግን ፎቶው ተሸፍኖ ሊሆን ስለሚችል ፎቶ ብቻ እየፈለጉ እንዳያልፉት።

ሲገቡ መጀመሪያ ወደ ገንዘብ ተቀባይዋ ይሂዱ። የሚፈልጉትን በቁጥር ይናገራሉ፣ ይከፍላሉ፣ ቶከን ይቀበላሉ። ከዚያ በቶከኑ ከማደያው መስኮት ሳህንዎን ያነሳሉ። ዝርዝር ሳንቲም ይያዙ። አምስት ሩፒ ለሚያወጣ ቁርስ የ500 ሩፒ ኖት የሚያወጣ ሰው ወረፋውን ሁሉ ያስቆማል፣ ፊትም ይነሳል። ወንበር የለም፤ ደረት ድረስ ከፍ ያሉ ጠረጴዛዎች ዙሪያ ቆሞ ነው የሚበላው። ይህ በአጋጣሚ የሆነ ሳይሆን ታስቦበት የተደረገ ነው፤ የቆመ ሰው ቶሎ በልቶ ለሚቀጥለው ቦታ ይለቃል። ወገብ ወይም ጉልበት ለሚያመው ሰው፣ በተለይ ከቀዶ ሕክምና ላገገመ፣ ይህ ትልቅ ችግር ነው። ቋጥሮ መውሰድ ደግሞ አይፈቀድም። በሳህን የተሰጠው እዚያው ይበላል፤ በርካሽ ገዝቶ ውጭ በውድ የሚቸረችር እንዳይፈጠር የተበጀ መከላከያ ነው። ስለዚህ አልጋ ላይ ላለ ታማሚ ምግብ ለመውሰድ አስበው ከሆነ ሌላ ቤት ይፈልጉ።

አሁን ወደ ሳህኑ።

ኢድሊ ክብ፣ ነጭና ስፖንጅ የመሰለ በእንፋሎት የበሰለ የሩዝ ቂጣ ነው። አሠራሩን ያወቀ ሰው ጥሩውን ከመጥፎው በአንድ ንክሻ ይለያል። ሦስት ወይም አራት እጅ ግማሽ ቅቅል ሩዝ፣ አንድ እጅ ልጣጩ የተነሳ ኡራድ የሚባል ጥራጥሬ ይወሰዳል። ሁለቱ ለየብቻ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይዘፈዘፋሉ፣ ለየብቻም ይፈጫሉ። ኡራዱ አየር እስኪይዝና አረፋ እስኪመስል ድረስ፣ ሩዙ ግን ትንሽ ሻከር እንዳለ። ከዚያ ከጨው ጋር ተደባልቆ ያድራል፤ እንደ እንጀራ ሊጥ ራሱ ቦክቶ ይነሳል፤ እርሾም ሶዳም አያስፈልገውም። ጠዋት በጎድጓዳ ቅርጽ ማውጫ ተደርጎ ከ10 እስከ 12 ደቂቃ በእንፋሎት ይበስላል።

ችግሩ ከሦስት ቦታ ይመጣል። ኡራዱ ከተቆጠበ (ውዱ እሱ ነውና የሚቆጠበውም እሱ ነው) ኢድሊው ይጠነክራል፤ ሲጫኑት አይመለስም። ሊጡ ከመጠን በላይ ከቆየ ይኮመጥጣል፣ ይተኛልም። በቼናይ ሙቀት ይህ በቀላሉ የሚደርስ ነገር ነው፤ ሌላ ቦታ 12 ሰዓት የሚፈልገው ሊጥ እዚያ ከዚያ ባነሰ ጊዜ ደርሶ ያልፍበታል። ሦስተኛውና ብዙ ሰው የማያስተውለው ግን የአያያዝ ነው። ትኩሱ ኢድሊ በትልቅ ዕቃ ተደራርቦ ከቆየ ከላይ ያለው የታችኛውን ይጫነዋል፣ እንፋሎቱም መልሶ ያረጥበዋል። ከአንድ ቋት የወጣ ኢድሊ በ1 ሰዓት ተኩል ለስላሳ፣ በ3 ሰዓት ተኩል ጭቃ የሚሆነው በዚህ ነው። ምክራችን አጭር ነው፤ ለኢድሊ በመጀመሪያው ሰዓት ይሂዱ። ለአንድ ጎልማሳ አራት ወይም አምስት ይበቃል።

በላዩ የሚፈሰው ሳምባር ከርግብ አተር ክክ፣ ከእርድ፣ ከኮምጣጣ የሮቃ ፍሬና ከአትክልት የሚሠራ ወጥ ነው፤ ሰናፍጭና የከሪ ቅጠል በዘይት ተጠብሶ ይጨመርበታል። በዚህ ዋጋ ወፍራም ሳምባር መጠበቅ የዋህነት ነው። ክክ ውድ ነው፣ ውሃ ደግሞ ርካሽ። ማማሰያው ከድስቱ ታች ሲነካ ከሚወጣው ይጠይቁ፤ ክኩ የሚቀመጠው እዚያ ነው።

ሌላው የቁርስ ምግብ ፖንጋል 5 ሩፒ ነው። ሩዝና ማሾ አብረው እስኪላሉ ተቀቅለው በቁንዶ በርበሬና በከሙን የሚቀመሙ ገንፎ መሳይ ምግብ ነው። ሲሞቅ ጥሩ ነው፤ ሲቀዘቅዝ ይደርቃልና ያኔ አያስመኝም።

ለምሳ ሳምባር ሩዝ 5 ሩፒ፣ እርጎ ሩዝ 3 ሩፒ ነው፤ የሎሚ ሩዝና የከሪ ቅጠል ሩዝ በኋላ የተጨመሩ ሲሆኑ እነሱም 5 ሩፒ ናቸው። ከሁሉ የምንመርጠው እርጎ ሩዙን ነው፤ የቤቱ ምርጥ ምግብም እሱ ነው ብለን እንከራከራለን። ሩዙ ከተለመደው ይበልጥ ተቀቅሎ ይላላል፣ ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ እርጎ ይገባበታል። ሩዙ ሳይቀዘቅዝ እርጎው ከገባ ይበጣጠስና ውሃው ለብቻ ይወጣል፤ ሳህኑ ጠርዝ ላይ ነጣ ያለ ውሃ ካዩ የተቻኮለ ሰው ሥራ ነው። እንደ ሳምባሩ አያቃጥልም፣ ለሆድ ቀላል ነው፣ በሽተኛም ይስማማዋል። ግን እርጎ በሙቀት እየኮመጠጠ ስለሚሄድ ከ7 ሰዓት በፊት ይብሉት።

ለእራት ሁለት ቻፓቲ (ስስ የስንዴ ቂጣ) ከክክ ወጥ ጋር 3 ሩፒ ነው። ቀኑን ሙሉ ነጭ ሩዝ ለማይስማማው የስኳር ታማሚ ከዝርዝሩ የተሻለው ይኸው ነው። አለበለዚያ የቤቱ ትልቁ የምግብ ጉድለት ይህ ነው፤ ሩዝ በሩዝ ላይ፣ አትክልት በጭላንጭል።

ምግቡ ሁሉ ሥጋም ዓሣም እንቁላልም የሌለበት ስለሆነ የሃይማኖት ጥያቄ ለብዙዎች እዚህ ያበቃል። የኦርቶዶክስ ጾመኛ ግን ሁለት ነገር ይጠንቀቅ። እርጎ ሩዝ በግልጽ የፍስክ ነው። ፖንጋል ደግሞ በልማዱ ቅቤ የሚገባበት ምግብ ስለሆነ «ኔይ» (በታሚል የተነጠረ ቅቤ) አለው ወይ ብለው ይጠይቁ። ኢድሊ፣ የሎሚ ሩዝና ሳምባር ሩዝ ብዙውን ጊዜ በዘይት ነው የሚሠሩት።

ሒሳቡን እንየው። አምስት ኢድሊ ለቁርስ 5 ሩፒ፣ ሳምባር ሩዝና እርጎ ሩዝ ለምሳ 8 ሩፒ፣ አራት ቻፓቲ ለእራት 6 ሩፒ። የቀኑ ጠቅላላ 19 ሩፒ። ሩዙ በግዛቲቱ የአቅርቦት ኮርፖሬሽን በኩል በድጎማ ይገባል፤ የቀረውን ኪሳራ ማዘጋጃ ቤቱ ይሸከማል። ምግቡን የሚያበስሉት፣ የሚያድሉትና ዕቃ የሚያጥቡት በራስ አገዝ ቡድን የተደራጁ ሴቶች ናቸው፤ ሲጀመር የቀን ክፍያቸው 300 ሩፒ ነበር። የጃያላሊታ ፖለቲካ መልኩ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ተጠቃሚው በቀጥታ የሚዳስሰው ነገር፣ ሥራው በሴቶች እጅ፣ ስሙ በእሳቸው ስም።

ሴትዮዋ ወደዚህ የመጡበት መንገድ ረጅም ነው። በ1948 በዛሬዋ የካርናታካ ግዛት፣ ሜልኮቴ ተወልደው በሲኒማ ተዋናይነት ነበር ስማቸው የገነነው። በብዙ ፊልሞች አብረዋቸው የተወኑት ኤም. ጂ. ራማቻንድራን፣ በአጭሩ ኤምጂአር፣ በኋላ ፓርቲ መሥርተው ዋና ሚኒስትር ሆኑ። ኤምጂአር በ1982 የትምህርት ቤት ምሳን በግዛቲቱ ሁሉ ሲያስፋፉ ጃያላሊታም በዚያው ዓመት ፓርቲውን ተቀላቀሉ፤ ፕሮግራሙን በሚከታተለው ኮሚቴ ውስጥም ገቡ። የምግብ ፖለቲካን የተማሩት በዚያ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። በ1983 የፓርቲው የፕሮፓጋንዳ ጸሐፊ፣ በ1984 የሕንድ ፓርላማ የላይኛው ምክር ቤት አባል ሆኑ።

በዲሴምበር 1987 ኤምጂአር ሲሞቱ ፓርቲው ለሁለት ተሰነጠቀ። የሟች ባለቤት ጃናኪ የግዛቲቱ የመጀመሪያ ሴት ዋና ሚኒስትር ቢሆኑም ወንበሩ ላይ አንድ ወር እንኳን አልቆዩም። በ1989 ምርጫ የጃያላሊታ ክንፍ 27 መቀመጫ አግኝቶ የጃናኪውን አስከነዳ፤ እሳቸውም የተቃዋሚ መሪ ሆኑ። ብዙም ሳይቆይ፣ ማርች 25 ቀን፣ ምክር ቤቱ ውስጥ በተነሳ ግርግር ተጎሳቁለው ወጡ፤ ዋና ሚኒስትር ሳይሆኑ ወደዚህ አዳራሽ አልመለስም አሉ። በ1991 ዋና ሚኒስትር ሆነው ተመለሱ።

የመጀመሪያው ዘመን ሥራዎች የኋለኛውን ምግብ ቤት ይመስላሉ። በ1992 ሴቶች ብቻ የሚሠሩበት ፖሊስ ጣቢያ ተከፈተ፤ ዳኝነት ፍለጋ ወንድ ፖሊስ ፊት መቆም ለሚያሳፍራት ሴት የታሰበ ነው። በዚያው ዓመት ሴት ጨቅላ የሚገደልባቸው አካባቢዎች ላይ ወላጆች ልጃቸውን የሚተዉበት የመንግሥት አልጋ ተዘጋጀ። ሁለቱም ለተጠቃሚው ቅርብ፣ ለማስረዳት ቀላል፣ ለመፈጸም ደግሞ በየዕለቱ ክትትል የሚሹ ነበሩ። በሁለተኛው ዘመን ቤት ያለው ሁሉ የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ እንዲያበጅ አስገደዱ፤ ቼናይ በውሃ ጥም የምትታወቅ ከተማ ስለሆነች ተቃዋሚዎቻቸው እንኳን የሚያመሰግኑት ሥራ ነው።

ሌላውም ገጽ አለ፣ መደበቅም አይገባውም። በመጀመሪያው ዘመን በወር አንድ ሩፒ ብቻ ደመወዝ እወስዳለሁ ብለው ነበር። በኋላ የተከሰሱት በዚያው ዘመን ከገቢያቸው በላይ 66 ክሮር ሩፒ (አንድ ክሮር 10 ሚሊዮን ነው) ሀብት አካብተዋል ተብለው ነው። በ1996 የራሳቸውን ወንበር ሳይቀር ተሸነፉ፣ ታሰሩም። በ2001 ተመልሰው በፍርድ ቤት ውሳኔ ወረዱ፣ በ2002 እንደገና ወጡ። በሴፕቴምበር 2014 ቤንጋሉሩ ያስቻለው ልዩ ፍርድ ቤት 4 ዓመት እስራትና 100 ክሮር ሩፒ ቅጣት ፈረደባቸው፤ በሥልጣን ላይ እያሉ ጥፋተኛ ተብለው ወንበራቸውን ያጡ የመጀመሪያዋ የግዛት ዋና ሚኒስትር ሆኑ። በሜይ 2015 በይግባኝ ነጻ ወጥተው ተመለሱ፣ በ2016 በምርጫ አሸነፉ፣ በዲሴምበር 5 ቀን 2016 አረፉ። ሁለት ወር ከምናምን በኋላ የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የአብረዋቸው ተከሳሾችን ጥፋተኝነት አጸናው፤ የእሳቸው ክስ በሞት ተቋርጦ ነበር።

የምግብ ቤቱ ሐሳብ የሦስተኛው ዘመን፣ ከ2011 በኋላ ያለው ነው። በዚያ ጊዜ ስማቸው ያልተለጠፈበት ነገር አልነበረም። አማ ውሃ በሊትር 10 ሩፒ፣ አማ ጨው፣ አማ መድኃኒት ቤት፣ አማ ሲሚንቶ በከረጢት 190 ሩፒ። ከእነዚህ ሁሉ በሕዝብ ልብ የቀረው ምግብ ቤቱ ነው። በዲሴምበር 2015 ቼናይ በጎርፍ ስትጥለቀለቅ ምግብ በነጻ አደለ፤ በ2020 የኮሮና መዘጋት ጊዜም እንዲሁ። ከተማዋን ያጨናነቀ ችግር ሲመጣ የተዘጋጀ ወጥ ቤት፣ የሰለጠነ ሠራተኛና የሩዝ መስመር በየሰፈሩ መኖሩ ምን እንደሚጠቅም ያኔ ታየ።

ስም መለጠፉ ግን ዋጋ አለው። በሜይ 2021 ሥልጣኑ ወደ ተቀናቃኙ ዲኤምኬ ሲያልፍ የዚያ ፓርቲ ሰዎች አንዱን ምግብ ቤት ገብተው ሰሌዳ ገነጠሉ። አዲሱ መሪ ኤም. ኬ. ስታሊን ሰሌዳው እንዲመለስ፣ አጥፊዎቹም እንዲቀጡና ከፓርቲ እንዲባረሩ አዘዙ፤ ስሙንም ፎቶውንም አልነኩም። ይህ በዚያ አገር ብዙ የሚታይ ነገር አይደለም። በጎረቤቷ አንድራ ፕራዴሽ በ2018 የተከፈተው አና ካንቲን በቀጣዩ ዓመት መንግሥት ሲለወጥ ተዘግቶ የተከፈተው ከአምስት ዓመት በኋላ፣ ከፋቹ ፓርቲ ሲመለስ ነው። የካርናታካው ኢንዲራ ካንቲን በ2017 ሲጀመር ቁርስ 5፣ ምሳና እራት 10 ሩፒ አድርጎ ነበር የገባው። በዋጋ ከአማ ይወደዳል። ነገር ግን እኛ እንደሚመስለን ትክክለኛው ዋጋ ወደዚያኛው የሚጠጋው ነው።

ምክንያቱም የአማ ዋናው ሕመም ያ አንድ ሩፒ ነው። የክክ፣ የጋዝና የዘይት ዋጋ ሲወጣ ኢድሊው ባለበት ቆሟል። ዋጋውን ሁለት ሩፒ ያደረገ መሪ «የአማን ቁርስ አስወደደ» መባሉ ስለማይቀር ደፍሮ የሚነካው የለም። ልዩነቱ በየዓመቱ ማዘጋጃ ቤቱ ላይ ይከመራል፤ ማዘጋጃ ቤቱ ደግሞ መጀመሪያ የሚያስተላልፈው ጥገናን ነው። የሊጥ ወፍጮ ድንጋይ ያልቃል፣ የእንፋሎት ድስት ክዳን ይላላል፣ የቻፓቲ ማሽን ይቆማል። የላላ ክዳን እንፋሎት ሲያስመልጥ ኢድሊው በተለመደው 12 ደቂቃ ሳይበስል መሐሉ ይጣበቃል። ያለቀ ድንጋይ ኡራዱን አረፋ አያደርገውም፤ የፈለገ ቢቦካ አይነሳም። ደንበኛው «ሴቶቹ ሥራ አቃታቸው» ይላል፤ ጥፋቱ ግን የዕቃው ነው።

በጁላይ 2024 ስታሊን ራሳቸው አንዱን ቤት ጎብኝተው 21 ክሮር ሩፒ እንዲመደብ አዘዙ፤ 7 ክሮር ለማብሰያ ዕቃ፣ 14 ክሮር ለሕንጻ እድሳት። ክፍፍሉ ቢገለበጥ እንመርጥ ነበር። ቀለም የተቀባ ግድግዳ ኢድሊ አያለሰልስም።

ስለዚህ ቤት ሲመርጡ የግድግዳውን አዲስነት አይዩ። በቁርስ ሰዓት ማብሰያው አጠገብ ቆመው እንፋሎቱ ከክዳኑ ጠርዝ እየተነፈሰ መሆኑን ይመልከቱ፤ ከተነፈሰ በዚያ ቤት ፖንጋል ይዘዙ። ኢድሊ ቢያዝዙም አንዱን በጣት ጫን ብለው ይሞክሩ፤ ተመልሶ ከተነሳ አምስት ይግዙ፣ ካልተነሳ በሁለት ይብቃዎ። ለእራት የሚመለሱ ከሆነም ከመውጣትዎ በፊት የቻፓቲው ማሽን ይሠራ እንደሆነ ይጠይቁ። ከቆመ እራቱ መጓተቱ አይቀርምና ያን ምሽት ሌላ ቤት ያስቡ።